ጫማ በዋጋው ወይስ በልኩ?

የደመወዝ ሰሞን በጦር ሰፈር ውስጥ በባልና በሚስት መካከል ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ የጫማን ያህል የሚያከራክር ጉዳይ ጥቂት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ባል፣ «ርካሽ ጫማ ሁለት ጊዜ ያስወጣል፤ ውዱን እንግዛ» ይላል። ሚስት፣ «አንተ በምትለው ዋጋ ለሦስቱም ልጆች ይገዛል» ስትል ትመልሳለች። ልጆችም በበኩላቸው የጎረቤት ልጅ ያደረገውን ዓይነት ካላገኙ ያኮርፋሉ። ሁሉም በየፊናው ጥቂት ጥቂት እውነት አለው። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንድም ጊዜ ሐሳቡን እንዲሰጥ የማይጠየቅ ወገን አለ፤ እርሱም እግር ነው። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ለእግር ጠበቃ ሆነን ለመቅረብ ወደናል።

ጉዳዩ ለአንዳንድ አንባብያን ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ለእኛ ግን ተራ አይደለም። በጦር ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ ከኮርሳችን ሁሉ በዒላማ ተኩስ አንደኛ የነበረ አንድ ዕጩ መኮንን ነበር። ልብስና ጫማ በሚታደልበት ዕለት የእርሱ ቁጥር አልቆ ስለ ነበረ፣ ከልኩ በአንድ ቁጥር ያነሰ ከስክስ ተሰጠው። «ግድ የለም፣ ሲለመድ ይሰፋል» ብሎ ተቀበለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በተደረገው የሌሊት ጉዞ ሙሉ ትጥቁን ተሸክሞ፣ ቃል ሳይተነፍስ እስኪነጋ ተጓዘ። ሲነጋ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበር፤ የሁለቱም አውራ ጣቶቹ ጥፍሮች ጠቁረዋል። ቁስሉ አመረቀዘና ሐኪም ቤት ተኛ። ብዙ ትምህርት ስላመለጠውም ከእኛ ጋር ሳይመረቅ ቀረ። በአውሮፓው አቆጣጠር በአንድ የጫማ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሳንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። የዚያን ብርቱ ወጣት ምርቃት ያስተጓጎለው ሰባት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነገር መሆኑን ባሰብን ቁጥር እስከ ዛሬ ይደንቀናል።

የሰው እግር በእያንዳንዱ በኩል 26 አጥንቶች አሉት። እነዚህ አጥንቶች በጅማት ተያይዘው እንደ ድልድይ ቅስት የቆሙ ናቸው፤ ጭነት ሲያርፍባቸው ቅስቱ ዝቅ ይላል፣ እግሩም ይረዝማል፣ ወደ ጎንም ይሰፋል። ተቀምጦ የተለካ እግርና ጓዝ ተሸክሞ የቆመ እግር አንድ አይደሉም ማለት ነው። ይህን ነገር በወታደር ላይ አስቀድመው በደንብ ካጠኑት ሰዎች አንዱ የአሜሪካው የጦር ሐኪም ኤድዋርድ ማንሰን ነው። እርሱ ይመራው የነበረው የጫማ ጥናት ቡድን ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል ወደ 2000 የሚጠጉ ወታደሮችን እግር መረመረ። ማንሰንም ውጤቱን በ1912 እ.ኤ.አ. ስለ ወታደር እግርና ስለ ወታደር ጫማ ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። ወታደሩ እግሩን የሚለካው 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ገደማ በጀርባው ተሸክሞ፣ ሙሉ ክብደቱን በሚለካው እግር ላይ አሳርፎ ነበር። ከዚህም ጥናት የተነሣ ፊቱ እንደ ጣቶቹ አቀማመጥ ሰፋ ያለ፣ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ የማይገፋ ፎርማ ተዘጋጀ።

በዚያው ዘመን የወጣው መመሪያ አዲስ ጫማ የሚለማመዱበትንም መንገድ ይናገራል። ወታደሩ አዲሱን ጫማ አድርጎ፣ ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ቆዳው እስኪለሰልስ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይቆማል፤ ከዚያም ጫማውን ሳያወልቅ በደልዳላ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይራመዳል። ቆዳው በእግሩ ቅርጽ ላይ ይደርቃል። ዘዴው የሚያምር ነው። ነገር ግን በማስቲሽ የተጣበቀ ሶል ያለውን የዛሬውን ጫማ ገዝቶ ውሃ ውስጥ የሚቆም አንባቢ ቢኖር፣ ሶሉ አፉን ሲከፍት በእኛ እንዳያመካኝ ከወዲሁ እናሳስባለን።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ውድ ጫማ ለእግር ይበልጥ ይመቻል የሚለው እምነት እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ሻጩም ያምነዋል፣ ገዢውም ያምነዋል። በስኮትላንድ የዳንዲ ከተማ ተመራማሪዎች ይህንኑ እምነት በመሣሪያ ፈትነውታል። ከሦስት ኩባንያዎች ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ የሆኑ የሩጫ ጫማዎችን ወስደው፣ በውስጥ እግር ላይ የሚያርፈውን ግፊት ለኩ፤ ያደረጓቸውንም ሰዎች ስለ ምቾታቸው ጠየቁ። በ2008 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ የወጣው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ርካሹና መካከለኛው ጫማ ግፊትን በማለዘብ ረገድ ከውዱ አንሰው አልተገኙም። ምቾቱም ከዋጋው ጋር አብሮ አልወጣም፤ ለአንዱ የተመቸው ለሌላው አልተመቸም።

ለእኛ ለወታደሮች ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ጥናት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 206 ወታደሮችን አሰልፈው፣ ቅርጻቸውና ጥንካሬያቸው የተለያየ ስድስት ዓይነት የጫማ ውስጥ ንጣፎችን ለአንድ ክፍላቸው አቀረቡ። «የትኛው ይሻልሃል?» ከማለት በቀር ማንም ምንም አልመረጠላቸውም። እያንዳንዱ የመረጠውን በከስክሱ ውስጥ አድርጎ አራት ወር አገለገለ። ምርጫቸው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ሆኖም የመረጡትን ያደረጉት ወታደሮች ምንም ካልተሰጣቸው ጓደኞቻቸው ይልቅ የእግር ሕመምና ጉዳት ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ። በአንጻሩ ደግሞ በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. በታተሙ ጥናቶች፣ ለአሜሪካ ምልምል ወታደሮች የእግራቸው ቅስት ቅርጽ እየታየ በባለሙያ የተመደበላቸው የሩጫ ጫማ ጉዳታቸውን ይህ ነው በሚባል መጠን አልቀነሰውም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ስናያቸው የእግሩ ባለቤት ከመሥፈርቱም ከዋጋ ወረቀቱም የተሻለ ዳኛ ነው ብለን ለማመን እንገደዳለን።

ታዲያ ዋጋ ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ዋጋ የሚገዛው ሌላ ነገር ነው። በሰፈራችን በር አጠገብ ለብዙ ዘመን የኖሩ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ አሉ። አንድ ቀን ከጎናቸው ተቀምጠን፣ «ጋሼ፣ ውድ ጫማ ከርካሹ በምን ይለያል?» ስንል ጠየቅናቸው። ቀና ሳይሉ፣ «መቶ አለቃ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣው የታመመ ጫማ ነው፤ የሞተው አይመጣም» አሉን። ከዚያም ሁለት ያረጁ ጫማዎችን አንሥተው አሳዩን። የመጀመሪያው ሶሉ በክር የተሰፋ ነው፤ ስፌቱ ተፈትቶ አዲስ ሶል ሊገባለት ይችላል። የሁለተኛው ሶል በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ ነው፤ የውስጡ ንጣፍም ከካርቶን የተሠራ ስለ ነበረ ውሃ ገብቶበት እንደ ረጠበ እንጀራ ተፈረካክሷል። የላይኛውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ጠምዘዝ አድርገው ሲያሳዩን ቀለሙ ተሰነጠቀና ከሥር ስስና ሻካራ ነገር ብቅ አለ። «ይህ ቀለም እንጂ ቆዳ አይደለም» አሉ።

ከዚህ የምንረዳው ዋጋ ዕድሜን ሊገዛ እንደሚችል ነው። ስለዚህ የሚሻለው ዋጋውን ጫማው ለሚያገለግልባቸው ወራት ማካፈል ነው። አንዱ ጫማ ስምንት ወር አገልግሎ ይጣላል እንበል። ሌላው ዋጋው እጥፍ ሆኖ፣ ሁለት ጊዜ ሶል ተለውጦለት ሠላሳ ወር ያገለግላል። የሶሉ ማስለወጫ በእያንዳንዱ ጊዜ የርካሹን ጫማ ሩብ ዋጋ ቢያስወጣ፣ በጠቅላላው የከፈልነው የርካሹን ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል፤ ያገኘነው ግን አራት እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ባል ረታ። ነገር ግን ከዚህ መጠን አልፎ የሚጨመረው ዋጋ ለስሙ፣ ለማብረቅረቂያውና ለሣጥኑ የሚከፈል ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሚስት ረታች። ለሚያድግ ሕፃን ሠላሳ ወር የሚያገለግል ጫማ መግዛትም ትርፉ ምን እንደሆነ አይገባንም፤ እግሩ ጫማውን ጥሎት ይሄዳል።

ገበያ ስንወጣ እንዴት እንምረጥ? ከሁሉ አስቀድሞ ከቀትር በኋላ መውጣት ይሻላል፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆሙበትና ሲራመዱበት ስለሚያብጥ ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ ማታ ይጠብባል። ሁልጊዜ የምናደርገውን ካልሲ ይዘን እንሂድ። ብዙ ሰው አንዱ እግሩ ከሌላው ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ ሁለቱንም አድርገን፣ ቆመን፣ ልኩን በትልቁ እግር እንወስን። ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ሊኖር ይገባል። ተረከዝ በእርምጃ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተት የለበትም። ጫማው የሚታጠፍበት ቦታም እግራችን ከሚታጠፍበት ከጣቶች ሥር ጋር አንድ መሆን አለበት፤ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ጫማ እንኳን በነጻ ቢሰጥ አይረባም። ሻጩ፣ «ወንድሜ፣ ትንሽ ቀን ታገሠው፣ ይለቅልሃል» ቢል፣ ደኅና ቆዳ ወደ ጎን ጥቂት ሊለቅ ይችላል፤ ወደ ፊት ግን አይረዝምም። ቁጥሩንም ብዙ አንመን። በአንዱ ፋብሪካ 42 የሆነ እግር በሌላው 43 ሊጠብበው ይችላል፤ ምክንያቱም ፎርማቸው የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ ለእናቶችና ለእህቶች አንድ ነገር ማከል እንወዳለን። ብዙ ሴቶች፣ «ከወለድሁ ወዲህ የድሮ ጫማዬ አልገባኝ አለ» ሲሉ ይሰማል፤ ባሎችም ነገሩን የአዲስ ጫማ ማስገዣ ሰበብ አድርገው ይስቃሉ። ሳቁ ተገቢ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 49 ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ በእርግዝና ጊዜ የብዙዎቹ የእግር ቅስት ዝቅ ይላል፤ እግራቸውም ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ድረስ ይረዝማል። ከወለዱ ከወራት በኋላ ሲለኩም ለውጡ እንዳለ ተገኝቷል፤ በይበልጥም በመጀመሪያው እርግዝና ይታያል። ልጅ የወለደች ሴት እንደ ገና እግሯን አስለክታ በአዲሱ ቁጥሯ ብትገዛ መብቷ ነው። ስለ ረጅም ታኮ የምንለው ጥቂት ነው፤ የሰውነትን ክብደት ከተረከዝ አንሥቶ በጣቶች ላይ ይጭናል። ለሠርግ ይሁን፤ ውሃ ለመቅዳትና ገበያ ለመዋል ግን አይሆንም።

ስለ ልጆች ጫማ ስናነሣ በክፍላችን ያለ አንድ አሥር አለቃ ትዝ ይለናል። ይህ ሰው በማስታወሻ ደብተሩ መካከል የአራት ልጆቹን እግር ንድፍ ይዞ ይዞራል። ልጁን በወረቀት ላይ ያቆመዋል፤ በእርሳስ የእግሩን ዙሪያ ያሠምራል፤ ወረቀቱን ቆርጦ ስሙንና ቀኑን ይጽፍበታል። ፈቃድ ሲያገኝ በመንገድ ላይ ካለ ገበያ ወረቀቱን ጫማው ውስጥ እያስገባ ይገዛል። ወረቀቱ ከተጣጠፈ ጫማው ጠባብ ነው፤ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ባለፈው ጊዜ ግን ግዳጁ ስለ ረዘመ ፈቃዱ ስምንት ወር ዘገየ። ባለቤቱም ብልኅ ሴት ናትና ከደብዳቤዋ ጋር አዲስ ንድፍ ላከችለት። አሥር አለቃው የታናሽ ልጁን አሮጌና አዲስ ወረቀት ደራርቦ፣ ከፊት በኩል የተረፈውን ጣት የማይሞላ ቦታ በጥፍሩ እየነካ፣ «ያላየሁት ይህን ነው» አለን። እኛም መልስ አልነበረንም። ዘዴውን ግን ሌሎች አባቶችም እንዲይዙት እንመክራለን። ሕፃናት ጫማ ሲጠብባቸው አይናገሩም፤ አጥንታቸው ገና ለጋ ስለሆነ ሳያማቸው ይጣመማል። በሦስት በአራት ወር አንድ ጊዜ ወረቀቱን ማደስ ምንም ወጪ የለውም።

ከዋጋ ክርክር በላይ የሆነ ጉዳይም አለ። በአገራችን ደጋማ ክፍሎች፣ እንዲሁም በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በታንዛኒያ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለባቸው ቦታዎች፣ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የሚኖሩ ሰዎች እግራቸው እያበጠ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ይይዛቸዋል። አንዳንዱ የዝሆኔ ዓይነት በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ትል ይመጣል፤ ይህኛው ግን ከትልም ከተላላፊነትም ጋር ግንኙነት የለውም። ከአፈሩ የሚገባው ደቂቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ዘልቆ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች እንደሚጎዳ በዝርዝር ያስረዱት በኢትዮጵያ የሠሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ብዙ ሰው በሽታውን የዘር ርግማን አድርጎ ስለሚቆጥረው በሽተኛው ከጋብቻና ከማኅበር ይገለላል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው። ለዚህ ተግባር ሣንቲም ቆጥሮ የተገዛ ሸራ ወይም ኮንጎ ጫማ ከውጭ አገር ከመጣው የቆዳ ጫማ አያንስም፤ እግሩን ከአፈሩ ከለየው በቂ ነው። ወደ ገጠር ቤተሰቦቻችን ገንዘብ ስንልክ የታናናሾቻችንን እግር ብናስብ መልካም ነው።

የጫማ ዋጋ ሰማይ የሚነካበትን ቦታ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ጎልፍ ሜዳ ይመልከት። ይህ ጨዋታ ለክፍለ አህጉራችን እንግዳ አይደለም፤ የናይሮቢው ክለብ በ1906 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። አሥራ ስምንቱን ጉድጓድ በእግሩ የሚያዳርስ ተጫዋች ስምንት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ብዙ ጊዜም ጤዛ ባረፈበት ሣር ላይ ይጓዛል። እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ጫማው ከሥሩ የብረት ሹል ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ ሣሩን የማይቆርጥ ሊለወጥ የሚችል የፕላስቲክ ጥርስ ተተክቷል። እንዳይንሸራተት፣ ውሃ እንዳያስገባ፣ ተረከዝ እንዲይዝ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ እኛም ከከስክሳችን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ዋጋ ግን ከተጫዋቹ ኋላ የዱላውን ከረጢት ተሸክሞ ያንኑ መንገድ በሸራ ጫማ የሚጨርሰው ወጣት ጥሩ ምስክር ይመስለናል።

«አበበ ቢቂላስ ያለ ጫማ አላሸነፈምን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። አዎን፤ የክብር ዘበኛው ወታደር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም አደባባይ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ነገር ግን ያን ያደረገው በባዶ እግሩ መለማመድን ያወቀበት ስለ ነበረና በዚያ ሰዓት የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድም ዳግመኛ አሸነፈ። አበበ ጫማን አልናቀም። ያልተመቸውን ጫማ ግን በዓለም ፊት እንኳ ቢሆን አላደርግም አለ።

የተገዛውን ስለ መጠበቅ ጥቂት ብለን እናብቃ። የረጠበ ቆዳ ከእሳት አጠገብ አይቀመጥ፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ክሩ ተፈትቶ፣ ምላሱ ወደ ውጭ ተገልብጦ በጥላ ይድረቅ፤ ከደረቀ በኋላ ቅባት ይቀባ። ሁለት ጥንድ ያለው እያፈራረቀ ያድርግ። እርጥበቱን ቶሎ ለመምጠጥ ውስጡን በተጨማደደ ጋዜጣ ሞልቶ ማሳደር ጥሩ ነው። ለዚህም ያለፈው ሳምንት እትማችን በጣም ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል፤ የዛሬውን ግን እባካችሁ መጀመሪያ አንብቡት።